ጌሾው ያጠፋዋል

ጠላ የጠመቀች ሴት ስለ ጠላዋ ስትጠየቅ ወሬው ሁልጊዜ ከብቅሉ ይጀምራል። ብቅሉን ማን እንዳበቀለላት፣ ጌሾው ከየት እንደመጣ፣ እንኩሮው ምጣድ ላይ ምን ያህል እንደጠቆረ፣ ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሰነበተ፣ ድፍድፉ የተደፈደፈበት ሌሊት ብርድ እንደነበር ሳይቀር ትተርካለች። እንግዳውም ዋንጫውን ጨልጦ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። እጅ ይመረቃል፣ ጌሾ ይመሰገናል፣ ብቅልም ከምስጋናው ድርሻው ይደርሰዋል። «ግራዋሽ ይባረክ» ያለ እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ጋኑን ማን አጠበው? መቼ? በምን? ይህን የሚጠይቅ ቢገኝ ነገር ፈላጊ ይባላል።

ሆኖም መጥመቅ ማለት ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላዩ፣ ዕቃ ማጠብ ነው። ቢራ ፋብሪካዎች ይህን ያውቁታል። አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ሊትር ውሃ ይፈጃሉ፤ ከትርፉ ውሃ ብዙው የሚሄደው ጋኑን፣ ቧንቧውንና ጠርሙሱን ለማጠብ ነው። በማስታወቂያ የምናየው ግን ነፋስ የሚያወዛውዘው የገብስ ማሳ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጎ ጋን የሚያጥበው ሠራተኛ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ አያውቅም። እኛም በየጓዳችን ከፋብሪካው የምንለየው በዚህ ነው፤ እሱ ሳያወራ ያጥባል፣ እኛ ሳናጥብ እናወራለን።

ጠላው የሰመረ ዕለት ነገሩ በምርቃት ያልቃል። የኮመጠጠ ዕለት ግን ምርመራ ይከፈታል። የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ድፍድፉ በተደፈደፈበት ቀን ወንፊት ልትዋስ ብቅ ያለችው ጎረቤት ናት፤ «ዓይኗን ጣል አድርጋበት ሄደች» ይባላል። ቀጥሎ ጌሾ ነጋዴው፤ የከረመ፣ ነቀዝ የተጫወተበት ጌሾ ሸጧል። ከዚያ የቧንቧው ውሃ። ከዚያ ሙቀቱ። ከዚያ «ምን ደርሶ ይሆን» ብሎ ክዳኑን የከፈተው ልጅ። ልጁ ሁለት ጥፊ ቀምሶ ጉዳዩ ለጊዜው ይዘጋል። ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ለጥያቄ እንኳ ሳይቀርብ ከደሙ ንጹሕ ሆኖ የሚያመልጠው ጋኑ ነው። ባለፈው ፋሲካ የተጠመቀበት፣ አተላው ሆዱ ላይ ደርቆ የቀረው፣ ትናንት ማታ በሁለት ጆግ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ «ታጠበ» የተባለው ጋን።

እንዲህ ያለው ምርመራ በእኛ አልተጀመረም። በ1856 እ.ኤ.አ. በሰሜን ፈረንሳይ፣ ሊል ከተማ፣ ቢጎ የሚባል ባለ ፋብሪካ ከስኳር ቀይ ሥር የሚያወጣው አልኮል እየኮመጠጠ አስቸገረው። ልጁ በዚያው ከተማ የሉዊ ፓስተር ተማሪ ነበርና አባትየው ልጁን አማላጅ አድርጎ መምህሩን አስመጣው። ፓስተር ከደህናውም ከተበላሸውም ጋን ጠብታ ጠብታ እየወሰደ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በደህናው ውስጥ ድቡልቡል የእርሾ ፍሬዎች አየ፤ በኮመጠጠው ውስጥ ደግሞ ከእርሾ በጣም ያነሱ፣ ቀጫጭን ዘንጎች። የጎረቤትን ዓይን በሳይንስ ፊት በነፃ ያሰናበቱት እነዚያ ዘንጎች ናቸው። ፓስተር ነገሩን አልተወውም፤ በ1876 ስለ ቢራ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። ያነሳሳውም አገሩ በ1870 በተጀመረው ጦርነት በጀርመኖች መሸነፏ ነበር፤ ቢያንስ በቢራ እንብለጣቸው ብሎ። ጀርመንን በቢራ! ከማይክሮስኮፑ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ድፍረቱ ነው።

ዘንጎቹ ዛሬም አሉ፤ ለበዓል የሚጠብቁትም የደረቀ አተላ ውስጥ ነው። አተላ ሲደርቅ የሞተ ይመስላል። ከእህሉ የተረፈው ምግብና የእርሾው ርጋፊ ጋኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በውስጡም ሎሌ ሆኖ ያገለገለው እርሾም፣ ሌባ ሆኖ የገባው ባክቴሪያም ተኝተው ይከርማሉ። አዲስ ጥንስስ ሲገባ ሁለቱም ይነቃሉ። ጠላ እርግጥ በባሕርዩ ኮምጠጥ ይላል፤ ያ ጣዕሙ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። አቸቶ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ያኔ ባለቤቲቱ «ዘንድሮ ትንሽ ጠንከር ብሏል» ትላለች፤ እንግዳውም ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ኧረ ጥሩ ነው» ይላል።

ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ ያላስፈለጋቸው እናቶች አሉ። ጠላ ሸጠው ልጆች ያስተማሩ አንዲት የሰፈራችን እናት እንስራ ሲያጥቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እንስራው ባዶ በሆነበት ዕለት፣ አተላው ሳይደርቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላና ያድራል። ጠዋት ያ ውሃ ተደፍቶ ግራዋ ይመጣል። ቅጠሉን በሁለት መዳፋቸው መካከል ጭምቅ፣ ፍትግ ያደርጉታል፤ አረንጓዴ አረፋ በጣቶቻቸው መካከል ይወጣል። ከዚያ እንስራውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ። የማየው ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ከውስጥ ግን ቅጠል ከሸክላ ጋር ሲፋተግ ይሰማል። ታችኛው ጥግ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይኮሳተራል፤ አተላ የሚደበቀው እዚያ ነው። አንገቱ ለጠበበ ዕቃ ቀጭን እጅ ያላት የልጅ ልጅ ትጠራለች፤ እሷም እንደ ጠፋች ናት።

አረንጓዴው ውሃ ይደፋል፣ አዲስ ግራዋ ይገባል፣ እንደገና ይደፋል። «እትዬ፣ አሁንስ አልበቃውም?» አልኳቸው። «ውሃው ይንገርህ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉኝና ወደሚፈሰው አመለከቱኝ። ገና ቡናማ ነበር።

ሲጠራ እንስራው ፀሐይ ላይ ይደፋል። ሲደርቅ ገል ላይ ፍም ተደርጎ የደረቀ ወይራ ቁርጥራጭ ይጨመርበታል። እሳት ሆኖ እንዳይነድ እፍ ይባላል፣ ጭስ ብቻ እንዲሆን። እንስራው አፉን ወደ ታች ይደፋበታል። ጭሱ ከከንፈሩ ሥር እየሾለከ ሲወጣ ሴትዮዋ የእንስራውን ሆድ በመዳፋቸው እየነኩ ይጠብቃሉ። ሙቀቱ ወደ ውጭ ሲዘልቅ ያነሱታል፤ አፉንም ወዲያው በጨርቅ ይይዙታል፣ ጭሱ እንዳያመልጥ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገና አንድ እፍኝ ጌሾ ሳይገባ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚባክን ነገር የለም። ግራዋ ሲታሽ የሚያረፋው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ስላለበት ነው፤ ቅባትና ልጥፍጣፊ ያነሳል። መራራነቱም ለተህዋስያን አይመችም። ወይራው ሲጨስ በሸክላው ቀዳዳ ሁሉ እየገቡ የሚቀመጡት ውህዶች የጠላውን ሽታ ያሳምራሉ፤ ሌባውንም ያዳክማሉ። ሸክላ ብዙ ቀዳዳ አለውና ከእጅ የተረፈውን ጭስ ይደርስበታል። በነገራችን ላይ ናይጄሪያ ውስጥ ኢግቦዎች ይህንኑ ግራዋ ራሱን እያሹ ደጋግመው ያጥቡትና ምሬቱ ሲለቅ ሾርባ ሠርተው ይበሉታል። እኛ ዕቃ እናጥብበታለን፤ እነሱ እሱን ያጥቡታል። ማን ተጠቀመ የሚለውን ለሆዳችሁ ትቻለሁ።

አሁን «ጋኑ ያውቃል» የሚሉ ወገኖች ይነሱብኛል። እነዚህ ጋንን ብዙ ማጠብ ጠላውን ያበላሻል የሚል እምነት አላቸው፤ አያቶቻቸውም እንዲህ ያደርጉ ነበር። ሐሳቡ መሠረት የለውም አልልም። ጠላ የታሸገ እርሾ ከሱቅ ተገዝቶ አይጨመርበትም፤ የሚያፈላው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው የሚመጣ ሕይወት ነው። በሚገባ የታጠበና የታጠነ ሸክላም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ካለፈው ጥቂት ያስቀራል። ኖርዌይ ውስጥ ገበሬዎች የቢራ እርሾአቸውን ከአንዱ ጥምቅ ወደሚቀጥለው፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ግን ልብ በሉ፤ እነሱ ያስቀሩት ጥሩውን እርሾ ለይተው፣ በእንጨት ቀለበት ላይ አድርቀው ሰቅለው ነው። ጋናቸውን ሳያጥቡ ትተው አይደለም። እኛ ሰፈር «ጋኑ ያውቃል» የሚለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ እርሾ አያስብም። ግራዋ መቅጠፍ ታክቶታል።

የችግሩ ሥር ያለው ቀኑ ላይ ነው። ጋን መታጠብ ያለበት ባዶ በሆነበት ዕለት ነው፤ የሚታጠበው ግን በሚሞላበት ዋዜማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። የማኅበሩን ነገር ውሰዱ። 12 ማኅበርተኛ ካለ የአንዷ ተራ በዓመት አንዴ ይደርሳል። ማኅበርተኛው ጠጥቶ፣ መርቆ፣ ጽዋውን ለተረኛዋ አስረክቦ ሲወጣ ሌሊቱ ገፍቷል። ሴትዮዋ እግሯ ዝሏል። «ነገ አጥበዋለሁ» ትላለች፤ የልቧንም ነው። በነጋታው ውሃ የለም፣ ፈረቃው የእነሱ ሰፈር አልነበረም። ሦስተኛው ቀን ዝንቡ ሲበዛ ጋኑ ወደ ጓሮ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ሽታው ይተዋል፤ ሽታው ሲተው ደግሞ የታጠበ ይመስላል። ከዚያ 11 ወር ጋኑ ዶሮ ተኝታበት፣ አሮጌ ጫማ ተቀምጦበት ይከርማል። ተራዋ ሲደርስ ሴትዮዋ ክዳኑን ከፍታ ታያለች፤ ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ ንጹሕ ነው።

ይኸው ሰው ብርሌውን ሲያጥብ ብታዩት! ብርሌ ብርጭቆ ነው፤ ውስጡ ይታያል፤ እንግዳ ብርሃን ላይ አንስቶ ያየዋል። ስለዚህ ያቺ አንገተ ቀጭን ጠርሙስ እስክታብረቀርቅ ትታጠባለች። ጠጁ የተጣለበት በርሜል ግን ጓዳ ነው፤ እንግዳ ጓዳ አይገባም። በርሜል የሚወለወለውም በውጭ በኩል ነው፤ ሰማያዊ ቀለሙ እስኪፈካ።

ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ ይባል ነበር። ዛሬ ምንቸቶቹም አልቀው ጀሪካን ጋን ሆኗል። ሸክላ ይሰበራል፣ ቦታ ይይዛል፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ጀሪካን ይወጣል። ግን ጀሪካን የሚመጣው ታሪኩን ይዞ ነው፤ ባለፈው ወር ዘይት ነበረበት። ለዓውደ ዓመት ጠላ ሊጠመቅ ሲሆን ያ ቢጫ ጀሪካን ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ሁኔታ ሳሎን መሐል ይቀመጣል፣ ቤተሰቡም ይከበዋል። የማሽተት ሥነ ሥርዓት ይጀመራል። በመጀመሪያ እናት ክዳኑን ትከፍትና አፍንጫዋን ወደ አፉ ታስጠጋለች። ዓይኖቿ ወደ ጣራ ይሄዳሉ፤ ማሽተት ለምን ጣራ ማየት እንደሚፈልግ እስካሁን አልገባኝም። ጀሪካኑን ለእህቷ ታቀብላለች። እህት ታሸታለች፣ ትዘገያለች፣ «ትንሽ የዘይት ነገር አለው ልበል?» ትላለች። ለአባት ይሰጣል። አባት የሚያሸትተው ፈጥኖ ነው፤ ውሳኔው አስቀድሞ ስለተወሰነ። «ምንም አይልም» ይላል። «ኧረ ይላል» ትላለች እህት። «ቢልስ» ይላል አባት፣ «ጌሾው ያጠፋዋል።»

ጌሾው ያጠፋዋል! በዚህች ቃል ያልተሰረየ ኃጢአት የለም። የዘይት ሽታ? ጌሾው ያጠፋዋል። የሳሙና? ጌሾው። ክዳኑ ሥር ያለው ያ አረንጓዴ ነገር? ጌሾው። ምስኪን ቅጠል፣ ጠላውን ማምረሩና ማስፈላቱ ሳያንሰው የቤቱን ስንፍና ሁሉ እንዲሸከም ተፈርዶበታል። ከጀሪካን ላይ የዘይት ልባስ የሚያነሳው ሙቅ ውሃና ሳሙና ከትዕግሥት ጋር ነው እንጂ ጌሾ አይደለም። ፕላስቲክ ደግሞ ሽታ ይጠጣል፤ የጠጣውን ሽታ በቀላሉ አይተፋም።

ጠንቃቃ ነን የሚሉት በጠጠር ይመጣሉ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ሰምተው መሰለኝ ጠጠሩን ጀሪካኑ ውስጥ ይከቱታል፤ ውሃ ጨምረው ሁለት ሆነው ይንጡታል። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ የታች ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይደበድባል። ውሃው ጠቁሮ ሲወጣ ሁሉም ይደሰታል። አተላው በርግጥ ለቋል። ግን ጠጠሩ ፕላስቲኩን ውስጥ ለውስጥ ጭሮታል፤ በእያንዳንዷ ጭረት ውስጥ እጅም ግራዋም የማይደርስባት ማደሪያ ተዘጋጅታለች። ፓስተር ያያቸው ዘንጎች ባለ ቤት ሆኑ ማለት ነው። በብረት ሽቦ የሚፈገፍጉትም ያው ናቸው። ለፕላስቲክ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሲጫጫር ደግሞ መጣል ነው፤ ግን የፕላስቲክ ዕቃ የሚጥል አበሻ ማን አይቶ!

ከዚያ የበረኪና ወገን አለ። ይህ ወገን ንጽሕናን የሚለካው በአፍንጫ መቃጠል ነው፤ ዓይን ካላስለቀሰ አልጸዳም። በርሜሉ ውስጥ በረኪናውን ያለ ልክ ይገለብጥና አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርጎ ይነሳል፤ ያውም «ትንሽ ቢቀርበት ይገድልልኛል» እያለ። አሁን ይህ ሰው ዕቃውን ወይራ አጥኖት ከሆነ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የጭሱ ሽታ ያለው ፌኖል የሚባሉ ውህዶች ውስጥ ነው፤ ክሎሪን ከፌኖል ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይሆናል፤ እሱም እጅግ በጥቂቱ እንኳ ምላስ ላይ የሚታወቅ፣ የክሊኒክ ሽታ ያለው ነገር ነው። በእናቱ ወይራና በራሱ በረኪና መካከል ስምምነት የፈጠረ የመሰለው ሰው የቁስል ማጠቢያ ጠምቆ ያስቀምጣል። ማኅበርተኛው አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ «ጌሾው የሆስፒታል ግቢ ነው እንዴ የበቀለው?» ይላል። ጌሾው በዚህም ተከሰሰ።

ፕላስቲኩን ራሱን ሊያጥኑ የሚነሱም አሉ። የጎረቤቴን በርሜል አይቻለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ወገቡ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ አፉም ወደ ግራ ዞሯል። እንደ ሸክላ ፍም ላይ ደፍተውት ነበር፤ ባህል አይረሳም ብለው። ወይራው ጨሰ፣ በርሜሉም ተለሳለሰ። አሁን ክዳኑ ስለማይገጥም በላስቲክና በገመድ ይታሰራል፤ እሳቸውም «ከድሮም እንዲህ ነበር» ይላሉ።

ነገሩ ውቅያኖስ ተሻግሮም አልቀረም። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 757 ሊትር ቢራ ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል። ሕጉ ጠላን በስም ባያነሳም የእኛ ሰዎች መጠኑን ሰምተው አልተከፉም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ዘመዴ ከሐበሻ ሱቅ ጌሾዋን ገዝታ ለፋሲካ ልትጠምቅ ተነሳች። ልጇ እዚያ ያደገ ነው፤ ቢራ የሚጠምቁ ጓደኞች አሉትና ስታር ሳን የሚባል ፈሳሽ አመጣላት። 30 ሚሊ ሊትር ገደማ በ19 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፣ የታጠበ ዕቃ ውስጥ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይቆያል፣ ይደፋል። አረፋው ይቀራል። አለመለቅለቁ ነው ሙያው።

«ልጄ፣ ይሄ አረፋ ምንድን ነው?»

«ተይው እማዬ፣ አይለቀለቅም።»

«የማይለቀለቅ ሳሙና የት አገር አይተህ ታውቃለህ?»

«ሳሙና አይደለም፣ ጀርም መግደያ ነው።»

«ጀርም የገደለ ነገር እኔን ይምረኛል?»

ልጁ በልኩ ከተበጠበጠ እንደማይጎዳ፣ አሲድ መሆኑን፣ በጠላው ውስጥ ሲሟሟ ከቁጥር እንደማይገባ አስረዳት። እሷም «እሺ» አለችው። ሥራ እንደሄደ ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ አለቀለቀችው። ከዚያ ወይራዋን ከሻንጣ አውጥታ እናቷ የላኩላትን ገንቦ ማጠን ጀመረች፤ መስኮት ሳትከፍት። የጭስ መጠቆሚያው መጀመሪያ የሷ ቤት፣ ቀጥሎ የኮሪደሩ ጮኸ። የሕንፃው ሰው በሙሉ በፒጃማ ወረደ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ኮፍያቸውን እንዳጠለቁ ወጥ ቤቷ ገብተው የተደፋ ገንቦ ከበው ቆሙ፤ እሷም በእጇ ምልክት እያሳየች «ቢር፣ ቢር» አለቻቸው። ጠላው ግሩም ሆኖ ወጣ። ልጁ በፈሳሹ ነው ይላል፤ እናት በወይራው። ገንቦውን ከበዓሉ በኋላ ማን እንዳጠበው ስጠይቅ ሁለቱም ስልኩን ለሌላው ለማቀበል ተሽቀዳደሙ።

ስለ ጠጪውም አንድ ነገር ልበል። ጠላ ቤት ገብቶ አንድ ጣሳ የያዘ ወንድ ስለ ዕቃ እጥበት ከማንም የላቀ ሊቅ ነው። ይጎነጫል፣ ምላሱን ላንቃው ላይ ጣ ያደርጋል፣ «ጋኑ በደንብ አልታጠነም» ይላል። ከጎኑ ያለው «ግራዋውም አንድ እጅ ይቀረዋል» ብሎ ያጠናክራል። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው የበሉበትን ሳህን ካሉበት ሁለት እርምጃ ወደ ሆነው ማጠቢያ አድርሰው አያውቁም። እውቀት ግን ሞልቷል።

ሁሉም ጋን የየግል ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። የእድር ንብረት የሆነው በርሜል ነው ትልቁ ጉድ። መዝገቡ ላይ «በርሜል፣ ባለ 200 ሊትር፣ ከነክዳኑ፣ ብዛት 2» ተብሎ በወጪና በገቢ ይፈረማል። መጉደሉ ይጻፋል፣ መሰንጠቁ ይጻፋል፤ ስለ መታጠቡ ግን ዓምድ የለም። ስለዚህ ለሠርግ የወሰደው ሰው አለቅልቆ ይመልሳል፣ ለተዝካር የሚወስደው ደግሞ ከፍቶ ይጮኻል። «ስወስደውም ይሄው ሽታ ነበረው» ይላል የፊተኛው። የፊተኛው ፊተኛም ይጠራል፤ እሱም እንዲሁ ይላል። ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሲሄድ በርሜሉን ያቆሸሸው የሸጠው ፋብሪካ ሆኖ ይገኛል።

በመጨረሻው ስብሰባ አንዲት እናት ተነሡና «ሳያጥብ የመለሰ ይቀጣ» አሉ። ተጨበጨበ። ቅጣቱ 200 ብር ይሁን ተባለ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከኋላ አንዱ «መታጠቡን ማን ያረጋግጣል?» ሲል ፀጥ ተባለ። ጸሐፊው «የንብረት ክፍል ኃላፊው ያሽትቱ» አሉ። ኃላፊው «እኔ የተመረጥኩት ልቆጥር ነው» ብለው ተቃወሙ። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ሴቶች ቢሆኑ ይሻላል፣ ሙያው የእነሱ ነው የሚል ማሻሻያ ተጨመረበት። ይህን ጊዜ እኚያው እናት እንደገና እጃቸውን አወጡ። «ይሁን፣ እናሸታለን» አሉ። «የሚያጥበው ኮሚቴ ደግሞ ከወንዶቹ ይመረጥ።»

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩና ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች አለፉ።